«ጭርት ነው» ከማለት በፊት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። ምሳሌው እውነተኛ ነው። ነገር ግን ከተደበቀው በሽታ ይልቅ በሌላ በሽታ ስም የተጠራው የበለጠ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። በሽታውን የደበቀ ሰው ቢያንስ መታመሙን ያውቃል፤ አንድ ቀን ሲብስበት ወደ ሐኪም መሄዱ አይቀርም። በተሳሳተ ስም የጠራው ግን «ዐውቄዋለሁ» ብሎ ልቡን ስላሳረፈ፣ የማይሆነውን መድኃኒት እየተቀባ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ያሳልፋል። ዛሬ የምንጽፈው እንዲህ ያለ የስም ስሕተት ስለሚበዛበት ስለ አንድ የበሽታ ወገን ነው፤ ይኸውም ፈንገስ በሰው ገላ ላይና በሰው ገላ ውስጥ የሚያመጣው ሕመም ነው።

ነገሩን ከአንድ ስፍራ እንጀምረው። ከጋምቤላ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጀዊ የሚባል ስፍራ አለ። በ2014 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የደቡብ ሱዳንን ጦርነት ሸሽተው የመጡ ሰዎች የሰፈሩባቸው የላይትቾርና የኒፕ ኒፕ መጠለያዎች በጎርፍ ተጥለቀለቁ። ሰዎቹ ወደ ደኅና መሬት መዛወር ስለ ነበረባቸው በ2015 ዓ.ም. ጀዊ መጠለያ ሆኖ ተከፈተ፤ በብዙ አሥር ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብም ሰፈረበት። አገሩ ቆላ ነው። ሙቀቱ ብርቱ፣ ክረምቱም ረዥም ነው። መጠለያ በሆነ ስፍራ ሁሉ እንደሚታየው ብዙ ልጆች በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፤ አንዱ ማበጠሪያ ለብዙ ራስ፣ አንዱ ምንጣፍ ለብዙ ገላ ያገለግላል።

ሙቀት፣ ላብ፣ እርጥበትና መጠጋጋት፤ ፈንገስ ከእነዚህ ከአራቱ በላይ የሚፈልገው ምቾት የለም። ይህን ስንል ግን ፈንገስ የስደተኛና የድኻ በሽታ ነው ማለታችን እንዳልሆነ አንባብያን ይረዱልን። በጋምቤላ ሙቀት ከጧት እስከ ማታ የተዘጋ ጫማ አድርጎ በጽሕፈት ቤት የሚቀመጠው ወጣት ሹም የእግሩ ጣቶች መካከል ሲላጥበት ይገኛል። በአዲስ አበባ ማደሪያ ቤት የጓደኛውን ፎጣ የተዋሰው ተማሪም እንዲሁ። ፈንገስ ማዕርግ አይጠይቅም። ጀዊን ያነሣነው በሌላ ስፍራ ተበታትነው የሚገኙት ምልክቶችና አደገኞቹ ስሕተቶች በእንዲህ ያለ አገር አንድ ላይ ስለሚገናኙ ነው። ዛሬ ተማሪ የሆነው ሰው ነገ መምህር ወይም ጸሐፊ ሆኖ ወደዚያው አገር ሊመደብ ይችላል። በዚያን ጊዜ ጎረቤቱ የልጁን ራስ አሳይቶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ማንበብ የሚያውቀውን ሰው ነው።

ፈንገስ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?

ፈንገስ ተክል አይደለም፤ እንስሳም አይደለም። በክረምት ከመሬት የሚፈላው እንጉዳይ፣ በከረመ እንጀራ ላይ የሚወጣው ሻጋታ፣ ሊጥን ከሚያስነሣው እርሾ ውስጥ የሚኖረው ጥቃቅን ሕይወት፣ ይህ ሁሉ ከአንድ ወገን ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ወዳጆቻችን ናቸው። ፔኒሲሊን የተባለው መድኃኒት ራሱ የተገኘው ከሻጋታ ነው። ጥቂቶቹ ግን ምግባቸውን ከሰው ገላ ይፈልጋሉ። ጭርትን የሚያመጡት የሚመገቡት ኬራቲን የተባለውን ደረቅ ነገር ነው፤ እርሱም የሚገኘው በላይኛው የሞተ ቆዳ፣ በፀጉርና በጥፍር ነው። ስለዚህ ጭርት አብዛኛውን ጊዜ ከቆዳው በታች ጠልቆ አይገባም፤ በላይ በላዩ እየበላ ወደ ጎን ይሰፋል።

ሰዎች ይህን የተረዱት ከሁለት መቶ ዓመት ወዲህ ነው። በ1837 ዓ.ም. ሮበርት ሬማክ የተባለ ሐኪም በበርሊን ከአንድ ዓይነት የራስ ቁስል የወሰደውን ቅርፊት በማይክሮስኮፕ ሲመለከት እንደ ሻጋታ ያለ ነገር አየ። ቈየት ብሎም ቅርፊቱን በገዛ ክንዱ ላይ አድርጎ በሽታው ሲይዘው ተመለከተ። በ1839 ዓ.ም. ሾንላይን፣ በ1841 ዓ.ም. ደግሞ በፓሪስ የነበረው ዳዊት ግሩቢ ነገሩን አጸኑት። ይህ የሆነው ሉዊ ፓስተርና ሮበርት ኮኽ ስለ ጥቃቅን ተሕዋስያን ከማስተማራቸው በፊት ነው። ስለዚህ በሰው ላይ በሽታ ማምጣታቸው አስቀድሞ ከተገለጸው ተሕዋስያን አንዱ ይህ የራስ ቁስል ፈንገስ ነው ለማለት ይቻላል።

እንግዲህ ወደ ምልክቶቹ እንሂድ። አንድ ነገር በገላ ላይ ወጥቶ ስናይ «ጭርት ነው» ከማለታችን በፊት አራት ጥያቄ ብንጠይቅ ከብዙ ስሕተት እንድናለን።

አንደኛው ጥያቄ፦ መልኩ እንዴት ነው? ያሳክካልን?

የገላ ጭርት የሚነበበው በጠርዙ ነው። ፈንገሱ መካከሉን በልቶ ጨርሶ ወደ ውጭ ስለሚሄድ፣ መካከሉ የዳነ ይመስላል፤ ዳር ዳሩ ግን ከፍ ብሎ፣ ቀልቶ ወይም ጠቁሮ፣ ቅርፊት አውጥቶ እንደ ቀለበት ይዞራል። ቀለበቱ ከሳምንት ወደ ሳምንት ይሰፋል፤ ያሳክካልም። በብሽሽትና በብብት ሲወጣ እንደዚሁ ጠርዝ አለው፤ ቀለበቱ ግን ሁልጊዜ ሙሉ አይሆንም።

በልጆች ራስ ላይ ሲሆን ቆረቆር ይባላል። ምልክቱ ክብ ሆኖ የተመለጠ ስፍራና እንደ ፎረፎር ያለ ቅርፊት ነው። ፀጉሩ ከሥሩ የተነቀለ ሳይሆን ከቆዳው አጠገብ የተሰበረ ስለሆነ፣ ቀረብ ብሎ ለሚያይ ሰው ጥቋቁር ነጠብጣብ መስሎ ይታያል። አንዳንድ ጊዜ መመለጡ ሳይታይ ቅርፊቱ ብቻ ስለሚኖር «ፎረፎር ነው» ተብሎ ይታለፋል። እዚህ ላይ አንድ ሕግ መያዝ ይጠቅማል። ለአካለ መጠን ባልደረሰ ተማሪ ራስ ላይ የማይለቅ ቅርፊት ከታየ፣ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ቆረቆር ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ከቆረቆር የሚከፋ አንድ ዓይነት አለ። የልጁ ገላ ፈንገሱን ሲዋጋ ራሱ ላይ አብጦ ለስለስ ያለ፣ የሚያምና መግል የሚያወጣ እብጠት ይሆናል። ይህን ያየ ሰው ቡግንጅ ነው ብሎ በምላጭ ለመብጣት ይቸኩላል። መብጣት ግን አይገባም፤ ሕመሙን ይጨምራል እንጂ አያድነውም። በጊዜው ተገቢው መድኃኒት ካልተሰጠ ደግሞ ጠባሳ ሆኖ ፀጉሩ በዚያ ስፍራ እስከ መጨረሻው ላይበቅል ይችላል።

ቆረቆር በቅባት ብቻ የማይድን መሆኑንም ወላጆች ሊያውቁት ይገባል። ፈንገሱ ያለው በፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሆነ ከላይ የተቀባው አይደርስበትም። የሚውጡት መድኃኒት ያስፈልጋል። ከ1958 ዓ.ም. በፊት እንዲህ ያለ መድኃኒት ስላልነበረ፣ በአውሮፓ ሐኪሞች የልጆቹን ፀጉር በራጅ ጨረር እስከ ማርገፍ ደርሰው ነበር። በዚያ ዓመት ግሪሲዮፉልቪን የተባለው ኪኒን ለሰው ሥራ ላይ ዋለ፤ እርሱም ራሱ ከሻጋታ የተገኘ ነው። ዛሬም ይሠራበታል። ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያዝዘዋል፤ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ገላ ይበልጥ ይቀበለዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ልትወስደው አይገባም። በሁለተኛው ሳምንት ማሳከኩ ሲተው «ድኗል» ብሎ መድኃኒቱን ማቋረጥ በሽታውን መልሶ መጥራት ነው።

በእግር ጣቶች መካከል የሚወጣው ደግሞ ነጭና ርጥብ ሆኖ ይላጣል፤ ይሰነጠቃል፤ ይሸታል። ይበልጡን በትንሿና በአጠገቧ ባለችው ጣት መካከል ይጀምራል። ስንጥቁ ለሌሎች ተሕዋስያን በር ስለሚከፍት እግሩ ድንገት ቀልቶ ሊያብጥና ሊያተኩስ ይችላል። ጥፍር ላይ ሲወጣ ጥፍሩን ያወፍረዋል፤ ቢጫ ወይም ቡና ዓይነት ቀለም ይሰጠዋል፤ ያፈራርሰዋል።

ወጣቶችን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍራቸው ግን ቋቁቻ ነው። ቋቁቻ በደረት፣ በጀርባ፣ በአንገትና በክንድ ላይ ከሌላው ገላ የነጣ ወይም የጠቆረ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። በጥፍር ቀስ አድርጎ ሲፋቅ እንደ ዱቄት ያለ ቅርፊት ይነሣል፤ ማሳከኩ ጥቂት ነው ወይም ከቶ አያሳክክም። የሚያመጣው ፈንገስ በማንኛውም ጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ የሚኖር ነው፤ ሙቀትና ላብ ሲበዛ ይባዛል። ስለዚህ ቋቁቻ የንጽሕና ጉድለት አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰው እንደ ጭርት የሚጋባም አይደለም። መድኃኒት ከተደረገለት በኋላ ፈንገሱ ቢሞትም የቆዳው ቀለም እስኪመለስ ብዙ ወራት ይወስዳል። ይህን ያላወቀ ሰው «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብሎ ከአንዱ ቅባት ወደ ሌላው ሲዘዋወር ይኖራል።

ማሳከክ ሁሉ ግን ፈንገስ አይደለም። በሌሊት የሚብስ፣ በእጅ ጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ ላይ የሚወጣ፣ ቤተ ሰቡንም አንድ ላይ የሚያሳክክ ከሆነ እከክ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። መድኃኒቱም ሌላ ነው። ችፌም ቅርፊትና ማሳከክ አለው፤ ነገር ግን መካከሉ ድኖ ዳሩ እንደ ቀለበት የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት ነው። ለምጽ ደግሞ እንደ ወተት ይነጣል እንጂ ቅርፊት የለውም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ቆዳው ይሰማዋልን?

ይህ ጥያቄ አጭር ነው፤ ነገር ግን የሰውን እጅና እግር ከመቈረጥ የሚያድን ጥያቄ ነው። ሥጋ ደዌ ሲጀምር ከሌላው ቆዳ የነጣ ወይም የቀላ ነጠብጣብ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም ጠርዝ ያለው ሆኖ ጭርት ይመስላል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ጭርት ያሳክካል፤ የሥጋ ደዌ ነጠብጣብ አያሳክክም፤ ይደነዝዛል። በላዩ ላይ ያለው ፀጉር ሊሳሳ፣ ላቡም ሊደርቅ ይችላል።

ፈተናው መሣሪያ አያስፈልገውም። ከጥጥ ጫፍ ላይ ጥቂት አሹሎ፣ ሰውዬው ዓይኑን እንዲጨፍን ካደረጉ በኋላ አንድ ጊዜ ደኅናውን ቆዳ፣ አንድ ጊዜ ነጠብጣቡን ቀስ አድርጎ መንካት ነው፤ ሰውዬውም የተነካበትን ስፍራ በጣቱ ያመልክት። ደኅናውን እያመለከተ ነጠብጣቡን ከዘለለ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሊሄድ ይገባዋል። ፊት ላይ ያለው ነጠብጣብ ግን ስሜቱ ላይጠፋ ስለሚችል «ስለ ተሰማው ሥጋ ደዌ አይደለም» ብሎ መቍረጥ አይቻልም።

ሥጋ ደዌ ዛሬ የሚድን በሽታ ነው። መድኃኒቱ እንደ ዓይነቱ ለ6 ወይም ለ12 ወር የሚወሰድ ሲሆን፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ለሕመምተኞች በነጻ ይታደላል። በአዲስ አበባ በ1965 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት ለዚሁ በሽታ ሕክምናና ትምህርት ተብሎ የተመሠረተ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ለቆዳ በሽታ ሁሉ የታወቀ ሆኗል። እንዲህ ያለ መድኃኒት እያለ ነጠብጣቡን «ጭርት ነው» ብሎ ሁለት ዓመት የፈንገስ ቅባት ሲቀባ የቈየ ሰው፣ ነርቩ ከተጎዳ በኋላ ቢደርስ በሽታው ይድንለታል እንጂ የጠፋው ስሜትና የታጠፈው ጣት አብዛኛውን ጊዜ አይመለስለትም። የስም ስሕተት ዋጋው ይህን ያህል ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ እስካሁን ምን ተቀብቶበታል?

ሐኪሙ ይህን ሲጠይቅ ብዙ ሰው አፍሮ «ምንም» ይላል። ነገር ግን በየሱቁና በየገበያው የሚሸጡ ቅባቶች አሉ። ከእነዚህም ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል የተባሉት የስቴሮይድ ወገን ናቸው። ፊትን ለማቅላት ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶችም አንዳንዶቹ ይህ መድኃኒት አለባቸው። ስቴሮይድ ራሱ ክፉ መድኃኒት አይደለም፤ ለችፌና ለሌላም ሐኪም ያዝዘዋል። በጭርት ላይ ሲቀባ ግን የሚያደርገው ነገር አታላይ ነው። ማሳከኩን ያስተወዋል፤ መቅላቱን ያጠፋዋል፤ ሰውዬውም «ዳንሁ» ይላል። ስቴሮይዱ ግን ገላ ፈንገሱን የሚዋጋበትን ኀይል ስላደከመው ፈንገሱ ያለ ከልካይ ይሰፋል። ቅባቱ ሲቋረጥ ከፊተኛው ብሶ ይመለሳል። ይባስ ብሎ ያ የሚታወቅበት ቀለበት ስለሚደበዝዝ፣ ሐኪም እንኳ ቢያየው ለመለየት ይቸገራል። መልኩን የለወጠ ሌባ ማለት ይህ ነው።

አንዳንዶችም ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው ያስሩበታል፤ ላምባ ያፈሱበታል። የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት በቆዳ ላይ ታስሮ ሲቈይ እንደ እሳት እንደሚያቃጥል የታወቀ ነው። በጭርት ላይ የእሳት ቍስል ከተጨመረበት በኋላ ምልክቱን ማን ያነበዋል?

ስለዚህ መርማሪው ዘንድ ከመሄድ በፊት ምንም ሳይቀቡ መሄድ መልካም ነው። ምርመራው ቀላል ነው። ከጠርዙ ላይ ጥቂት ቅርፊት ተፍቆ በመስታወት ላይ ይደረግና ፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ፈሳሽ ጠብ ይደረግበታል። ፈሳሹ ቆዳውን ሲያሟሟው የፈንገሱ ክሮች በማይክሮስኮፕ ወለል ብለው ይታያሉ። ጥቂትና ቀለበቱ ግልጽ የሆነ የገላ ጭርት ከሆነ ክሎትሪማዞልን የመሰለ የፈንገስ ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከጠርዙ አንድ ጣት ያህል አልፎ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀባል። ምልክቱ ከጠፋ በኋላም አንድ ሳምንት ያህል መጨመር ይገባል። የማይቀንስ፣ የሚሰፋ ወይም በራስና በጥፍር ላይ የወጣ ከሆነ ግን የሐኪም ጉዳይ ነው።

አራተኛው ጥያቄ፦ ሰውዬው ራሱስ እንዴት ነው?

እስካሁን የተናገርነው ቆዳን ስለሚይዘው ፈንገስ ነው። ሰውን የሚያሳፍርና የሚያሳክክ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ አይገድልም። ነገር ግን የገላ መከላከያ ኀይል ሲደክም ወደ ውስጥ የሚገቡ ሌሎች ፈንገሶች አሉ፤ እነዚህ ይገድላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ዓ.ም. ልዩ ትኵረት የሚሹ 19 ፈንገሶችን ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር ሲያወጣ፣ በመጀመሪያው ተራ ያስቀመጠው ክሪፕቶኮከስ የተባለውን ነው።

ይህን በጋምቤላ አንጻር የምንናገርበት ምክንያት አለን። በ2016 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት መካከል የኤች.አይ.ቪ. መጠን በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ 0.9 ሲሆን በጋምቤላ 4.8 ነበር። ይህም በዚያ ጥናት ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ኤች.አይ.ቪ. ሳይታከም ሲቈይ ለፈንገስ በሩን ከሚከፍቱት ነገሮች ዋነኛው ነው።

የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ የሚታየው በአፍ ውስጥ ነው። በምላስ፣ በጕንጭ ውስጥና በላንቃ ላይ እንደ እርጎ ያለ ነጭ ሽፋን ይወጣል፤ ሲፋቅ ከሥሩ ቀይ ሆኖ አንዳንዴም ይደማል። ለሚጠባ ሕፃን ይህ የተለመደ ነው፤ በመድኃኒትም ቶሎ ይለቃል። በ1950 ዓ.ም. ኤሊዛቤት ሄዘንና ራሔል ብራውን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያት ያገኙት ኒስታቲን እስከ ዛሬ ለዚሁ ያገለግላል። ዐዋቂ ሰው ላይ ግን ያለ ግልጽ ምክንያት ከወጣ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ማድረግ ይገባል። ምግብ ሲውጥ ደረቱ ውስጥ የሚያመው ከሆነ ፈንገሱ ወደ ጕሮሮ ወርዷል ማለት ሊሆን ይችላል። የስኳር በሽታም፣ ብዙ ቀን የተወሰደ አንቲባዮቲክም ይህን ያመጣሉ። በሴቶች ማሕፀን በር አካባቢ የሚወጣውና ነጭ፣ ወፍራም ፈሳሽና ማሳከክ ያለው ሕመም ከዚሁ ወገን ነው። ይህ ብቻውን ግን የኤች.አይ.ቪ. ምልክት አይደለም፤ በነፍሰ ጡርና በጤነኛ ሴትም ይታያልና ማንንም ሊያሳፍር አይገባም።

ክሪፕቶኮከስ ግን ከላይ የሚታይ ቀለበት የለውም። ከአፈርና ከወፍ ኩስ ከአቧራ ጋር ወደ ሳንባ ይገባል፤ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። መከላከያው በደከመ ሰው ላይ ወደ አንጎል ሽፋን ይሄዳል። ምልክቱ በቀናትና በሳምንታት ቀስ እያለ የሚብስ ራስ ምታት፣ ትኵሳት፣ ማስመለስ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ማየት፣ የአንገት መገተር፣ በመጨረሻም የአእምሮ መደናገር ነው። አሁን ወደ ጋምቤላ ተመለሱ። ወባ በሚበዛበት አገር ራስ ምታትና ትኵሳት ያለው ሰው ምን ይባላል? «ወባ ነው»፤ ወባው ካልተገኘም «ታይፎይድ ነው» ይባላል። ኪኒኑን ወስዶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሳምንት ያልፋል። እነሆ ዳግመኛ የስም ስሕተት፤ ዋጋው ግን አሁን ጣት ሳይሆን ነፍስ ነው።

ስለዚህ የወባ መድኃኒት ወስዶ ራስ ምታቱ ያልተወው ሰው፣ ይልቁንም ኤች.አይ.ቪ. እንዳለበት የሚያውቅ ወይም መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው፣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ አለበት። የፈንገሱን ምልክት በደም ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ አለ፤ ራሱ ሳይታመም አስቀድሞ ማግኘትም ይቻላል። ሕክምናውም ተሻሽሏል። በአምስት የአፍሪካ አገሮች የተደረገ ጥናት አንድ ጊዜ በከፍተኛ መጠን የሚሰጥ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ከሚዋጡ ሁለት መድኃኒቶች ጋር መልካም ውጤት እንዳለው ስላሳየ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ዓ.ም. ይህንኑ ሕክምና መክሯል።

ከመሬቱ ጋር የተያያዘ አንድ ሌላ ምልክት እንጨምር። በሱዳን ምድርና በአካባቢው ባዶ እግሩን የሚሄድ ገበሬና እረኛ እሾኽ ሲወጋው ማይሴቶማ የተባለው በሽታ ሊገባበት ይችላል። ይህን በሽታ የሚያመጣው አንድም ፈንገስ ነው፤ አንድም ባክቴርያ ነው። ሱዳናውያን ሐኪሞች በ1991 ዓ.ም. በካርቱም ለዚሁ በሽታ የምርምር ማዕከል አቋቁመው፣ ጦርነቱ በ2023 ዓ.ም. እስኪነሣ ድረስ ብዙ ሺሕ ሕመምተኞችን ረድተዋል። ምልክቱ በእግር ላይ የማያም፣ ቀስ እያለ የሚያድግ እብጠት ነው። ቈይቶም ይበሳና ጥቁር፣ ነጭ ወይም ቀይ ጥራጥሬ ከመግል ጋር ያወጣል። አለማመሙ ነው የሚያታልለው፤ ሰውዬው ስለማያመው ይዘገያል፤ ፈንገሱ ግን አጥንት ይደርሳል። በጊዜው የታየ ትንሽ እብጠት በመድኃኒትና በቀላል ቀዶ ሕክምና ሊድን ሲችል፣ የዘገየው እግርን እስከ ማስቈረጥ ይደርሳል።

ከተማረው ሰው ምን ይጠበቃል?

መምህር የሆነ በክፍሉ ውስጥ ራሱ የተመለጠ ልጅ ቢያይ ከጓደኞቹ ፊት አያሳፍረው፤ ከትምህርት ቤትም አያባርረው። ወላጆቹን ጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካቸው፤ ወንድሞቹና እኅቶቹም አብረው ይታዩ። አንዱ ድኖ ሌላው ካልታከመ በሽታው በቤቱ ውስጥ ይዞራልና። ፀጉር አስተካካዩ ቶንዶሱን ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ራስ ሳያጸዳ እንዳያሻግር የሚያሳስበው ደንበኛ ያስፈልገዋል። ማበጠሪያ፣ ቆብ፣ ፎጣና ካልሲ የግል ይሁኑ። ከታጠቡ በኋላ የእግር ጣቶችን መካከል ማድረቅ፣ ጫማን ማናፈስ፣ የውስጥ ልብስን ፀሓይ ላይ ማስጣት ገንዘብ አይጠይቅም። ጥጃም ሆነ ድመት የተመለጠ ስፍራ ካላቸው ልጆች አቅፈዋቸው እንዳይተኙ ይሁን፤ ከእንስሳ ወደ ሰው የሚጋባ ጭርት አለና።

በጽሕፈት ቤት ያለው ወጣት ሹም ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። በጀዊም ሆነ በሌላ ስፍራ ጎረቤቱ ምልክቱን በራሱ ቋንቋ ይናገራል፤ ሐኪሙ ግን ያንን ቋንቋ ላያውቀው ይችላል። በመካከል ሆኖ የሚያስተረጕመው ሰው «ጭርት አለበት» ብሎ በአንድ ቃል ከማሳጠር ይልቅ፣ «ከዚህን ያህል ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ያሳክካል ወይም ይደነዝዛል፤ ይህን ተቀብቶበታል፤ ራሱንም ያመዋል» ብሎ የተባለውን እንደ ተባለ ቢያደርስ፣ ከማንኛውም መድኃኒት በፊት የሚሰጥ መድኃኒት ነው።

መድኃኒት መስጠት የሐኪም ሥልጣን ነው፤ ምልክትን በትክክል ማየትና ማስረዳት ግን ዓይንና ትዕግሥት ላለው ሁሉ የተሰጠ ነው። እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ አንድ ልጅ ራሱን እያከከ፣ አንድ ጓደኛ ክንዱን እየሸፈነ፣ አንድ ሕመምተኛ ራሱን በጨርቅ አስሮ ስታዩ ስሙን ለመጥራት አትቸኩሉ። መልኩ እንዴት ነው? ይሰማዋልን? ምን ተቀብቶበታል? ሰውዬውስ እንዴት ነው? እነዚህን አራቱን ጠይቃችሁ መልሱን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ብታደርሱት፣ ከሕክምናው እኩሌታው ተሠርቷል ማለት ነው።